ሌባው ወጣ፤ ቁልፉስ? በኢሜይል የሚገባው «የጓሮ በር» እና የማጥፊያ መመሪያዎቻችን

«ቫይረስን በአምስት ደቂቃ እንዴት እናጠፋለን» የሚል ቪዲዮ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዩቲዩብም፣ በቴሌግራምም ሞልቷል። ተናጋሪው ቢለያይም ይዘቱ ያው ነው፤ አራት ምክሮች ናቸው። አንደኛ፣ ከማታውቁት ሰው የመጣ ኢሜይል አትክፈቱ። ሁለተኛ፣ አንቲቫይረስ ጭናችሁ ስካን አድርጉ። ሦስተኛ፣ የተገኘውን ፋይል ዲሊት አድርጉ። አራተኛ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት። በቃ፣ ንጹህ ነው!

እኔም ለዓመታት ይህንኑ ስመክር ኖሬያለሁ። ምህንድስና የተማረ ሰው ዕጣ ፈንታው ነው፤ የጓደኛም የዘመድም ላፕቶፕ «እስቲ እየው» ተብሎ እሱ ጋ ይመጣል። ባለፈው ዓመት አንድ የላብራቶሪ ጓደኛዬ የስኮላርሺፕ ፎርም የመሰለውን አታችመንት ከፈተና ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። ስካን አደረግኩ፣ ተገኘ፣ አጠፋሁ፣ «ንጹህ ነው» ብዬ መለስኩለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእሱ አድራሻ ለአማካሪው ኢሜይል ደረሰ። ሁለቱ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ ሲጻጻፉበት በነበረው ርዕስ ላይ፣ መልስ መስሎ፣ ከአንድ ፋይል ጋር። ጓደኛዬ አልላከውም። ላፕቶፑን ደግመን ብንፈትሸው ምንም የለበትም። የኢሜይሉ ፓስወርድ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ተሰርቆ ነበር፤ እኔ ደግሞ «ቀይረው» አላልኩትም።

ስለዚህ ይህ ሂስ የሚጀምረው ከራሴ ነው። መመሪያዎቹ ውሸታም አይደሉም፤ እያንዳንዱ ምክር በራሱ ጥሩ ነው። ችግሩ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚፈጥሩት እምነት ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ የምናጠፋው ነገር ምንድን ነው?

እኛ ሁሉንም «ቫይረስ» ብለን እንጠራለን። ቫይረስ በጥብቅ ትርጉሙ ራሱን ከሌላ ፋይል ጋር እያያያዘ የሚባዛ ፕሮግራም ነው። ፋይላችሁን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱ ራሱን ማሳየት ይፈልጋል፣ ካልታየ ማን ይከፍለዋል? የዛሬው ርዕሳችን ግን መታየት የማይፈልገው ነው። በአማርኛም በደንብ የሚገልጸው ቃል አለን፤ የጓሮ በር። ባለቤቱ በፊት ለፊት በር ይገባል ይወጣል፣ ሌላው ደግሞ ሳይታይ በጓሮ።

የጓሮ በር ፕሮግራም ሥራው ሦስት ነው። አንደኛ መግባት። ሁለተኛ መቆየት፤ ማለትም ኮምፒውተሩ በጠፋና በበራ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ራሱን ማስመዝገብ። ሦስተኛ መደወል፤ ወደ ባለቤቱ ሰርቨር እየደወለ «ትእዛዝ አለህ?» ማለት። ትእዛዙ ፋይል መላክ፣ የምትጽፉትን መቅዳት፣ ማይክሮፎን መክፈት ወይም ሌላ ፕሮግራም ማውረድ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ሰው «ፋየርዎል አለኝ፣ ማንም አይገባብኝም» ይላል። የግቢ ዘበኛን አስቡት። ከውጭ የሚመጣውን «ማን ነህ? ማንን ፈልገህ ነው?» ይላል። ከውስጥ የሚወጣውን ግን የቤቱ ሰው ነው ብሎ ያሳልፈዋል። በየቤታችንና በየቢሯችን ያለው የተለመደ ፋየርዎልም እንደዚሁ ነው። የጓሮ በሩ ደግሞ ከውጭ ሰው እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይደውላል። ግንኙነቱም ድረ ገጽ እንደመክፈት ያለ ተራ ነገር ስለሚመስል ዘበኛው አይጠረጥርም።

«ከማታውቁት ሰው የመጣ አትክፈቱ»

ይህ ምክር ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚከሽፈውም እሱ ነው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያ ተወልዶ ያደገ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኝ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በመዝገቡ ላይ የሚታወቀው «ኪዳነ» በሚል የሽፋን ስም ነው። ክሱ እንደሚለው፣ ከኢሜይል ጋር የመጣ የዎርድ ሰነድ ሲከፍት ፊንስፓይ የተባለ፣ ለመንግሥታት ብቻ የሚሸጥ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ተጫነ። ከጥቅምት 2012 እስከ መጋቢት 2013 ድረስም የስካይፕ ጥሪዎችን ጨምሮ በኮምፒውተሩ የተሠራውን እየቀዳ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይልክ ነበር። ከተቀዳው መካከል ልጁ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ያደረገው የኢንተርኔት ፍለጋ ሳይቀር ነበረበት።

አሁን ልብ በሉ፤ ኢሜይሉን ለኪዳነ የላከለት ማን ነው? የሚያውቀው ሰው ነው። ለዚያ ሰው የደረሰውን ነው ያስተላለፈለት። «ከማታውቁት ሰው አትክፈቱ» የሚለውን ምክር ኪዳነ በሚገባ ጠብቆ ነበር ማለት ይቻላል። ምንም አልጠቀመውም።

ይህ የተለየ አጋጣሚም አይደለም። ኢሞቴት የተባለው በኢሜይል የሚዛመት ፕሮግራም የያዘውን ሰው የቆየ ደብዳቤ ሰርቆ፣ በዚያው ርዕስ ላይ መልስ መስሎ ይልክ ነበር። የላብራቶሪ ጓደኛዬ ላይ የደረሰውም የዚሁ ዘዴ ዓይነት ነው። ላኪው የምታውቁት፣ ወሬውም የጀመራችሁት ሲሆን ምክሩ ምን ይረዳችኋል?

እ.ኤ.አ. በ2011 አርኤስኤ የተባለው ታዋቂ የደኅንነት ኩባንያ የተጠቃው ደግሞ «የ2011 የቅጥር ዕቅድ» የሚል ርዕስ ባለው ኢሜይልና ከእሱ ጋር በተያያዘ የኤክሴል ፋይል ነበር። የኢሜይል ማጣሪያው ሥራውን ሠርቷል፤ መልእክቱን ጥሎት ነበር። አንድ ሠራተኛ ግን ርዕሱ ስቦት ከመጣያው አንሥቶ ከፈተው። ፋይሉ ውስጥ የነበረው የተደበቀ ኮድ በፍላሽ ሶፍትዌር ክፍተት ገብቶ ፖይዝን አይቪ የተባለ የጓሮ በር ጫነ። ያኔ ለክፍተቱ ማስተካከያ አልወጣለትም ነበር። እናት ኩባንያው ለጉዳዩ ያወጣው ወጪ 66 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። የሌላውን ዓለም በር የሚጠብቅ ኩባንያ ነው እንግዲህ!

እና ጥሩ ምክር ምን ቢል ይሻላል? ጥያቄውን ከ«ማን ላከው?» ወደ «ምን ዓይነት ፋይል ነው? ደግሞስ ለምን አሁን?» ማዞር አለበት። ያልጠበቃችሁት ፋይል ከሆነ በሌላ መንገድ ጠይቁ፤ ደውሉ፣ ወይም በአካል «ፋይል ልከሃል እንዴ?» በሉ። በዚያው ኢሜይል አትመልሱ፤ መልሱን የሚጽፈው ሌባው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የፋይሉን ቅጥያ እዩ። ዊንዶውስ ሲሠራ ጀምሮ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ይደብቃል፤ ይህ በእኔ እምነት መጥፎ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው የኢሜይል ትል የፋይል ስሙ መጨረሻ «ቲኤክስቲ ነጥብ ቪቢኤስ» ነበር። ሁለተኛው ሲደበቅ የሚታየው «ቲኤክስቲ» ብቻ ስለሆነ ሰው ተራ ጽሑፍ መሰለው። የረቀቀውም አለ። አረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፉ ኮምፒውተር የጽሑፍን አቅጣጫ የሚገለብጥ የማይታይ ምልክት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 በባህሬን አክቲቪስቶች ላይ በተላኩ የፊንስፓይ ፋይሎች ውስጥ ይህ ምልክት ገብቶ፣ ስሙ በ«ኢኤክስኢ» የሚያልቅ ፕሮግራም በ«ጄፒጂ» የሚያልቅ ፎቶ መስሎ ይታይ ነበር። ስለዚህ ቅጥያን ማሳየት ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይደለም።

«ስካን አድርጉ፤ ምንም ከሌለ ንጹህ ነው»

አንቲቫይረስ በዋናነት ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ፋይሉን ቀደም ሲል ከሚታወቁ ጎጂ ፋይሎች ምልክት ጋር ያመሳስላል። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ጠባዩን ያያል። የመጀመሪያው ፖሊስ የተፈላጊዎችን ፎቶ ይዞ እንደመቆም ነው፤ ፎቶው ያልተነሣ ሌባ ያልፋል። ለብዙ ሺህ ሰው የሚበተን ፕሮግራም ቶሎ ፎቶው ይነሣል። ለአንድ ሰው ወይም ለጥቂት ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ግን ለወራት ላይታወቅ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። የጓሮ በሩ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍተኛ ሥልጣን ካገኘ፣ አንቲቫይረሱ ራሱ የሚቆመው በጠላት መሬት ላይ ነው። ፋይል ሲጠይቅ «የለም» የሚለው የተጠረጠረው አካል ይሆናል። ለዚህ ነው ከዊንዶውስ ውጭ የሚነሣ ስካን የሚሻለው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ያለው ዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» የሚባል አማራጭ አለው፤ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሥቶ ዊንዶውስ ሥራ ሳይጀምር ይፈትሻል። ነጻ ነው። ካየኋቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ግን ስሙንም አያነሡትም።

አንዳንዶቹ ደግሞ «ፋይሉን ቫይረስ ቶታል ላይ ጫኑት» ይላሉ። በብዙ አንቲቫይረስ በአንድ ጊዜ ስለሚያስፈትሽ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የምትጭኑት ፋይል ከደኅንነት ኩባንያዎችና ተመራማሪዎች ጋር ይጋራል። የፓስፖርት ኮፒ፣ የሕክምና ወረቀት ወይም ያልታተመ ጥናት ከሆነ በገዛ እጃችሁ አደባባይ አወጣችሁት ማለት ነው።

«ዲሊት አድርጉ»

ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። የተገኘውን ፋይል ማጥፋት ማለት የተገኘውን ፋይል ማጥፋት ብቻ ነው።

ከኢሞቴት ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የ8 አገሮች ፖሊስና ባለሥልጣናት ተባብረው ሰርቨሮቹን ያዙ። ከዚያ የጀርመን የወንጀል ምርመራ ፖሊስ በተያዙት ሰርቨሮች በኩል ለተጠቁት ኮምፒውተሮች ማራገፊያ ላከ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2021 ኢሞቴት ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ተደረገ። በታሪክ ከታዩት ትልልቅ የ«ዲሊት» ሥራዎች አንዱ ነው። ሆኖም ማራገፊያው ያጠፋው ኢሞቴትን ብቻ ነበር። ኢሞቴት ደግሞ ዋና ሥራው ለሌሎች በር መክፈት ነው፤ እንደ ትሪክቦት ያሉ ሌሎች ጎጂ ፕሮግራሞችን ያወርድ ነበር። እነዚያን ማራገፊያው አልነካቸውም። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኢሞቴት ተመለሰ፤ ያመጣውም ትሪክቦት ነበር። በር ከፋቹ ተባረረ፣ ያስገባው እንግዳ ቀረ፣ እንግዳው ደግሞ በር ከፋቹን መልሶ ጠራው።

ከፋይሉ ሌላ የሚቀረው ደግሞ የወጣው ነገር ነው። ቤታችሁ ሌባ ገብቶ ቁልፋችሁን አስቀርጾ ከወጣ፣ ሌባውን ማባረር ምን ዋጋ አለው? ቁልፉን ካልቀየራችሁ ነገም ይመጣል፤ ያኔ ደግሞ መስኮት መስበር አያስፈልገውም። ፓስወርድ እንዲህ ነው። ብሮውዘራችሁ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ወጥቷል ብላችሁ አስቡ።

ታዲያ እንዴት ይጠፋል?

ሂስ ብቻ አቅርቦ መሄድ አይገባም። እኔ ዛሬ ላፕቶፕ ቢመጣልኝ የማደርገው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉ ራሱ የምክሩ ግማሽ ነው።

1. ከኢንተርኔት ማላቀቅ። ዋይፋይ መዝጋት፣ ገመድ መንቀል። መደወል ያልቻለ የጓሮ በር ትእዛዝ አይቀበልም፣ ፋይልም አይልክም።

2. ማስረጃው ያስፈልጋል ወይ ብሎ መጠየቅ። ጋዜጠኛ፣ አክቲቪስት፣ ጠበቃ ወይም ምስጢር የያዘ መሥሪያ ቤት ከሆነ ምንም አታጥፉ፤ መጀመሪያ ባለሙያ ይየው። አክሰስ ናው የተባለው ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ነጻ የእርዳታ መስመር አለው።

3. ከሌላ ንጹህ መሣሪያ ፓስወርድ መቀየር። መጀመሪያ ኢሜይል፣ ቀጥሎ ባንክ፣ ቀጥሎ ሌላው። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ክፈቱ። «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውንም ተጫኑ፤ ምክንያቱም ብሮውዘር ላይ የተከፈተው አካውንት ራሱ ከተሰረቀ ሌባው ፓስወርድ ሳያስፈልገው ሊገባ ይችላል። በተያዘው ላፕቶፕ ላይ አዲስ ፓስወርድ መጻፍ ግን አዲሱን ቁልፍ ለሌባው እንደመስጠት ነው።

4. የኢሜይል ሴቲንግ መፈተሽ። የማታውቁት «ወደዚህ አድራሻ አስተላልፍ» የሚል ትእዛዝ ካለ አጥፉት። ይህ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ኢሜይሉ ላይ የሚተከል የጓሮ በር ነው፤ አንቲቫይረስ አያየውም።

5. የራሳችሁን ሰነድና ፎቶ ብቻ ኮፒ ማድረግ። ፕሮግራም፣ ክራክና የመጫኛ ፋይል አትውሰዱ። ኮፒው ያለበትን ፍላሽ በኋላ ሳትከፍቱ ስካን አድርጉት።

6. ዊንዶውስን አጥፍቶ አዲስ መጫን። ፎርማት የሚባለው የሠፈራችን መፍትሔ በዚህ ጉዳይ ትክክል ነው። ነገር ግን መጫኛው ከማይክሮሶፍት ገጽ፣ በሌላ ንጹህ ኮምፒውተር የወረደ ይሁን።

7. ሁሉንም አፕዴት ማድረግ፣ ከዚያ ብቻ ሰነዶቹን መመለስ።

አዲስ መጫን በፍጹም የማይቻል ከሆነስ? ኦፍላይን ስካን አድርጉ፤ ከዚያ አውቶራንስ በተባለው የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡትን ሁሉ እዩ። ግን ይህ «ሳይሆን አይቀርም» እንጂ «ንጹህ ነው» የሚያሰኝ አይደለም። መመሪያዎቹ ይህንን ልዩነት ቢናገሩ ኖሮ ግማሹን ቅሬታዬን አነሣ ነበር።

የእኛ ቤት ችግር

አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ መመሪያዎች ከውጭ የተቀዱ ስለሆኑ የእኛን ኑሮ አያውቁም። «ዊንዶውስን አፕዴት አድርጉ» ማለት ቀላል ነው፤ የሞባይል ዳታ እየገዛ ለሚጠቀም ተማሪ ግን የምሳ ዋጋ ነው። ብዙዎቻችን ጋ ያለው ዊንዶውስ ክራክ የተደረገ ነው። ክራኩን ለመጫን ደግሞ መጀመሪያ የሚባለው ነገር «አንቲቫይረሱን አጥፉት» ነው። በኢሜይል የሚመጣውን ፈርተን በፍላሽ የመጣውን በገዛ እጃችን እናስገባለን። ከማይታወቅ ክራክ ይልቅ አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ ወይም እንደ ኡቡንቱ ያለ ነጻ ሲስተም ይሻላል። አፕዴቱን ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ወይም በቤተ መጻሕፍት ዋይፋይ መጨረስ ይቻላል። በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ዋና ኢሜይላችሁን ባትከፍቱ ይመረጣል።

ወደ ኪዳነ ልመለስ። ክሱ አልተሳካለትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት፣ በመጋቢት 2017 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ዘጉበት። ይግባኝ ሰሚው የሰጠው ምክንያት ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም የሚል ነበር። ፕሮግራሙ ግን ምን ሲሠራ እንደነበር ዛሬ የምናውቀው ኮምፒውተሩ ላይ ዱካ ስለቀረ ነው። ስለላው የቆመው ሲትዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም የፊንስፓይን መረብ በይፋ ካጋለጠ ከቀናት በኋላ ነበር። ኪዳነ የአምስት ደቂቃውን ቪዲዮ አይቶ ሁሉንም አጥፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሌላው ሰው የሚማርበት ማስረጃ አይኖርም ነበር።

ጓደኛዬ አሁን ደኅና ነው። አማካሪው ፋይሉን አልከፈቱትም፤ «አንተ እንዲህ በእንግሊዝኛ አትጽፍልኝም» ብለው ደወሉለት። ከእኔ ስካን ይልቅ የእሳቸው አንድ ስልክ ጥሪ ሠራ። አሁን ላፕቶፕ ይዞልኝ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ከፈትክ?» ብዬ አይደለም። «ከዚህ ኮምፒውተር የትኞቹን አካውንቶች ከፍተህ ታውቃለህ?» ነው የምለው። ዝርዝሩን በወረቀት ያጽፈኛል፤ ሥራውም የሚያልቀው ወረቀቱ ላይ ያለው የመጨረሻው ፓስወርድ ሲቀየር ነው።